ተራው ባቡርም በዚያው ሐዲድ ያልፋል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በባቡር ስለሚደረግ ጉብኝት በጉዞ ዓምዳችሁ በቅርቡ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ ተራሮቹና ስለ ሸለቆዎቹ ውበት ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም ጽሑፉ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያወሳው ጣሪያቸው መስታወት ስለሆነ፣ ማዕድ በነጭ ጨርቅ ላይ ስለሚቀርብባቸውና ቦታ ከወራት በፊት ስለሚያዝባቸው ልዩ ባቡሮች ብቻ በመሆኑ፣ አንባቢው ጋዜጣውን አጥፎ ሲያስቀምጥ «ይህስ ለባለጸጋ ነው» ብሎ ተስፋ እንዲቆርጥ የሚያደርግ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ተስፋ መቁረጥ በአብዛኛው ያለ ቦታው መሆኑን ለማስረዳት ነው። ስማቸው በዓለም ከገነነ የባቡር መስመሮች በብዙዎቹ ላይ፣ ጎብኚው ብዙ ከፍሎ የሚሳፈርበት ባቡር ካለፈ በኋላ፣ የአካባቢው ሰው ለሥራና ለትምህርት የሚመላለስበት ተራ ባቡር በዚያው ሐዲድ፣ በዚያው ድልድይና በዚያው ዋሻ ተከትሎ ያልፋል።

ስዊዘርላንድን ከጣሊያን የሚያገናኘውን የበርኒና መስመር አስቀድሜ ላንሳ፤ ለነገሬ ከእርሱ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁምና። እ.ኤ.አ. በ1910 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተጠናቆ በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ መስመር፣ ከሴንት ሞሪትዝ ተነስቶ 2,253 ሜትር ከፍታ ላይ ከወጣ በኋላ፣ በቁልቁለት እንዳይንሸራተት በሚይዝ ጥርሳም ሐዲድ ሳይታገዝ፣ በአንዳንድ ስፍራ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 70 ሜትር ያህል እየወረደ፣ 429 ሜትር ላይ ወደምትገኘው የጣሊያኗ ቲራኖ ይዘልቃል። ጠዋት የበረዶ ግግር በመስኮቱ ሲያይ የነበረ መንገደኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ወይን የሚበቅልበት ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ብሩዚዮ በተባለችው መንደር አጠገብ ቁልቁለቱ ለባቡር የማይቻል ያህል ስለሚጠነክር፣ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን ሜዳው ላይ እንደ ቀለበት አዙረው በራሱ ድልድይ ቅስት ሥር እንዲያልፍ አድርገውታል፤ በኋለኛው ፉርጎ የተቀመጠ ሰው የራሱን ባቡር ፊት ለፊቱ ሲዞር ያየዋል። ይህን ሁሉ ለማየት የመስታወት ጣሪያ አያስፈልግም። በተራው ባቡር ለመሄድ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግዴታ አይደለም፣ የልዩው ባቡር ተጨማሪ ክፍያም የለበትም። አንዳንዶቹ ፉርጎዎች ደግሞ መስኮታቸው የሚከፈት በመሆኑ፣ ፎቶግራፍ የሚወድ ሰው የራሱን ነጸብራቅ በእያንዳንዱ ተራራ ላይ ደርቦ ከማንሳት ይድናል።

በዚያው በስዊዘርላንድ ከዜርማት እስከ ሴንት ሞሪትዝ ስለሚጓዘው ግላሲየር ኤክስፕረስ ስለተባለው ልዩ ባቡርም የምለው ተመሳሳይ ነው። ጽሑፋችሁ እንደጠቀሰው ባቡሩ በስምንት ሰዓት ጉዞው 291 ድልድዮችንና 91 ዋሻዎችን ያልፋል። ያልተጠቀሰው ነገር ያንኑ መንገድ ባቡር እየቀያየሩ በተራዎቹ የአካባቢ ባቡሮች መሄድ እንደሚቻል ነው። ባቡር መቀያየር አድካሚ መሆኑን አልክድም፤ ሻንጣው ከባድ ለሆነ ሰውማ አልመክረውም። ነገር ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራራ ማየት ራሱ ያደክማል፤ ከአምስተኛው ሰዓት በኋላ ብዙ ተሳፋሪ እንቅልፍ ይወስደዋል። በመሐል አንደርማት ላይ ወርዶ፣ እግሩን አፍታቶ፣ ከፈለገም አድሮ በሚቀጥለው ባቡር መንገዱን የሚቀጥል ጎብኚ የበለጠ ያያል።

በባቡር መጎብኘት ሲጀመር የድሎት ጉዳይ እንዳልነበረም ማስታወስ ይገባል። ብዙዎች የዘመናዊ ጉብኝት መነሻ አድርገው የሚቆጥሩት ጉዞ የተደረገው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1841 ነው። ቶማስ ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ የቤት ዕቃ ሠሪ በዚያን ዕለት 500 ያህል ሰዎችን ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ። ተጓዦቹ የመጠጥን ጉዳት ወደሚያወግዝ ስብሰባ የሚሄዱ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የከፈሉትም አንድ ሺሊንግ ነበር። የቅንጦት ባቡሮች ዝና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኦሪየንት ኤክስፕረስ ጉዞ የጀመረው በ1883 ነውና። እ.ኤ.አ. በ1972 በብዙ አገሮች ባቡሮች የሚያሳፍረው ኢንተርሬይል የተባለው ትኬት በአውሮፓ ሲጀመርም የታሰበው እስከ 21 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ነበር። ዛሬ ትኬቱ የዕድሜ ገደብ የለውም፤ ከአውሮፓ ውጭ የሚኖሩ ሰዎችም ዩሬይል በሚባለው አቻው ይጠቀማሉ። እግረ መንገዴን ለአንባቢዎቻችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ትኬቱን የገዛ ሰው ሁሉ ነገር የተከፈለለት ይመስለዋል፣ ነገር ግን እንደ ፈረንሳይ ባሉ አገሮች በፈጣን ባቡር ለመሳፈር ለቦታ መያዣ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል፤ ለትኬቱ ባለቤቶች የሚመደበው ወንበር ቀድሞ ሊያልቅም ይችላል።

ጉዳዩ የአልፕስ ተራሮች ብቻ አይደለም። በቬትናም ከሃኖይ እስከ ሆ ቺ ሚን ከተማ 1,726 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው መስመር ላይ፣ ዕይታው የሚደምቀው ከሁዌ እስከ ዳናንግ ባለው ክፍል ነው፤ እዚያ ባቡሩ የሃይ ቫንን ተራራ ወገብ ይዞ ከባሕሩ በላይ ሲዞር መኪናው በዋሻ ውስጥ ያልፋል። ይህን ለማየት ሙሉውን መስመር መጓዝም ሆነ የመኝታ ክፍል መከራየት አያስፈልግም፤ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ በተራ ወንበር ይበቃል። በስኮትላንድ በ1901 በተከፈተው ከፎርት ዊልያም እስከ ማሌግ ባለው መስመር፣ ሰው ሁሉ በእንፋሎት የሚሄደውን ባቡር ሲሻማ፣ ባለ 21 ቅስቱን የግሌንፊናን ድልድይ ተራው ባቡርም በየቀኑ ይሻገረዋል። እርግጥ ነው፣ ጢሱንና ፉጨቱን የሚፈልግ ሰው በተራው ባቡር አያገኘውም፤ ለዚያ ሲባል መክፈልንም አልነቅፍም። በጣሊያን የቺንኩዌ ቴሬ አምስት መንደሮች ደግሞ ልዩ ባቡር የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ገደል ላይ በተሠሩት መንደሮች መካከል መኪና ይዞ መግባትም ማቆምም መከራ ስለሆነ፣ በላ ስፔዚያና በሌቫንቶ መካከል የሚመላለሰው የአካባቢ ባቡር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ያደርሳል።

አሁን ደግሞ ራሴን ልሞግት፤ የእኔ ሐሳብ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉና። ከመካከላቸው ዋናው በፔሩ የሚገኘው የጥንቱ የኢንካ ከተማ ፍርስራሽ፣ ማቹ ፒቹ ነው። በፍርስራሹ ግርጌ ወደምትገኘው አጉዋስ ካልየንቴስ በቀጥታ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ አብዛኛው ጎብኚ ከኦያንታይታምቦ በባቡር ተነስቶ የኡሩባምባን ወንዝ እየተከተለ ይደርሳል፣ ከዚያም በአውቶቡስ ወይም በእግሩ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ መስመር ላይ ርካሽ ተራ ባቡር ቢኖርም የተመደበው ለፔሩ ዜጎች ስለሆነ፣ የውጭ አገር ሰው ውዱን ከመክፈል ወይም በመኪና ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ከኃይል ማመንጫው ጣቢያ ጀምሮ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲዱን ተከትሎ በእግሩ ከመጓዝ ውጭ ምርጫ የለውም። በዚህ ላይ የሚፈቀደው ጓዝ የተወሰነ ስለሆነ ትልቁን ሻንጣ ኩስኮ ላይ ትቶ መሄድ ይገባል። በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ወዳለው የዩንግፍራውዮህ ጣቢያም ቢሆን አቋራጭ የለም። በ1896 ተጀምሮ በ1912 የተከፈተው ይህ መስመር ተሳፋሪውን 3,454 ሜትር ላይ ያደርሰዋል፤ ነገር ግን የመጨረሻውን ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው አይገርና መንኽ በተባሉት ተራሮች ሆድ ውስጥ በተቦረቦረ ዋሻ ነው። ስለዚህ እዚህ ባቡሩ ለዕይታ አይሳፈሩበትም፣ ለመድረስ ብቻ ነው፤ ላይ ሲደረስ ጭጋግ ከሆነ ደግሞ ውዱ ትኬት ነጭ ግድግዳ ከማሳየት አያልፍም። ጣቢያው ላይ የተተከሉት ካሜራዎች የሚያስተላልፉትን ምስል ጠዋት አይቶ ትኬት መግዛት የብልህ ሥራ ነው። በ2006 የተከፈተውና 5,072 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያልፈው የቲቤት ባቡርም ለተሳፋሪው ኦክስጅን የሚያቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይሳፈር ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር እንኳ ቢያሳስብ መልካም ነበር።

የሌሊት ባቡርን በተመለከተ ጸሐፊው የሰጡት ምክር ግን አላሳመነኝም። መኝታ ባለው ባቡር ማደር የሆቴል ወጪ እንደሚያስቀርና ቀኑን ለጉብኝት እንደሚያተርፍ እውነት ነው፤ የጀርመን የባቡር ድርጅት በ2016 መጨረሻ የመኝታ ባቡሮቹን ሲያቆም የኦስትሪያው ድርጅት ከመስመሮቹ የተወሰኑትን መረከቡም ፈላጊ እንዳለው ያሳያል። ነገር ግን ከካይሮ ወደ ሉክሶር የሚሄድን መንገደኛ «በሌሊት ሂድና ጊዜህን ቆጥብ» ማለት፣ የአባይን ሸለቆ፣ የሸንኮራ አገዳውን ማሳና ከማሳው ጥግ ድንገት የሚጀምረውን በረሃ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያልፍ መምከር ነው። መስመሩ ራሱ የሚታይ ከሆነ በቀን መሄድ፣ መስመሩ ሜዳና ዋሻ ብቻ ከሆነ ማታ መተኛት ይሻላል።

ስለ አየር ብክለት ጽሑፋችሁ በቂ ስለተናገረ አልደግመውም። ፈረንሳይ በ2023 በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በሚደረስባቸው ጥቂት የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ አውሮፕላን እንዳይበር መከልከሏን ግን ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አሳስቦኛል። ከጽሑፉ ጋር የወጣው ፎቶግራፍ አንዲት ወጣት የባቡሩን በር ይዛ ወደ ውጭ ተንጠልጥላ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ምስል ለማስመሰል ሲሉ ሰዎች ወድቀዋል፣ ከምሰሶና ከዋሻ አፍ ጋርም ተጋጭተዋል። ሃኖይ ውስጥ ሐዲዱን ታክከው በተከፈቱ ቡና ቤቶች ጎብኚዎች ለፎቶ ሲጨናነቁ የከተማው አስተዳደር በ2019 እንዲዘጉ ያዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ውብ ፎቶግራፍ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ያለ ምንም ማሳሰቢያ መውጣቱን አልወደድኩትም።

እንግዲህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። ወደፊት ስለ አንድ የባቡር መስመር ስትጽፉ፣ በዚያው ሐዲድ ላይ ተራ ባቡር መኖር አለመኖሩን፣ ለውጭ አገር ሰው የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን፣ ከመጨረሻው ጣቢያ እስከ መጎብኛው ስፍራ ያለው መንገድ በምን እንደሚዘለቅ ብትገልጹልን እንጠቀማለን። የዜርማትን ጉዞ የሚያቅድ ሰው መኪና ወደ ከተማዋ ስለማይገባ መኪናውን በአቅራቢያዋ ባለችው መንደር በተሽ አቁሞ የመጨረሻውን 5 ኪሎ ሜትር በባቡር እንደሚሄድ ሳያውቅ ቢነሳ ዕቅዱ ይዛባበታል። መስኮቱ በየትኛው በኩል እንደሚሻልም ጻፉልን፤ ይህን ትንሽ ነገር ነው የሚል አይጠፋም።

እኔ ግን ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ስሄድ፣ ሳልጠይቅ በግራ በኩል ወንበር ይዤ፣ ከተነሳን ከ45 ደቂቃ ገደማ በኋላ በቀኝ በኩል የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልካቸውን ወደ መስኮቱ ሲያነሱ አይቻለሁ። የፉጂን ተራራ በዚያን ዕለት ያየሁት በሰው ትከሻ መካከል፣ ለጥቂት ሰከንድ ነው። ስመለስ ጠንቅቄ በግራ በኩል ያዝኩ፤ ተራራው በደመና ተሸፍኖ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ ዓምዳችሁ የዘወትር አንባቢ