ካምፓላ ለምትመጣው እህትዓለም

ይድረስ ለምወድሽ እህትዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ መግባትሽን ስሰማ ግን ደስታዬ ወሰን አጣ፣ ዝም ማለትም አልቻልኩም። ስለ ተማሪ ኑሮና ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ለጠየቅሽኝ እነሆ መልሴ። በጎ ፈቃዱ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ብዙ ተማሪ ልቡ ሞልቶ ጀምሮት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ የሚከስመው እሱ ነውና።

መጀመሪያ የጉዞውን ላንሳ። የቢጫ ወባ ክትባት ለነገ አትበይ፤ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግልሻል። የመግቢያ ቪዛ የተማሪ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱን ከኢሚግሬሽን ለብቻው ታወጪያለሽ፤ እንደደረስሽ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዓለም አቀፍ ቢሮ ሂጂና ጀምሪው። የቅበላ ደብዳቤሽን፣ የፓስፖርትሽን ቅጂና ጉርድ ፎቶሽን በስልክም በወረቀትም ይዘሽ ነይ። ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር ቻርጀር አይገባበትም፤ አዳፕተር ያዢ። መኪናው በግራ ነው የሚሄደው፤ መንገድ ስትሻገሪ አስቀድመሽ ወደ ቀኝ ተመልከቺ። ይህን የሚረሳ እግረኛ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት ድንገት ይደርስበታል።

ትምህርቱ ነሐሴ አካባቢ ይጀምራል። አንድ ሴሚስተር 17 ሳምንት ነው፤ 15ቱ ትምህርት፣ 2ቱ ፈተና። ነጥቡ የሚሰላው ከ5 እንጂ ከ4 አይደለም። 80ና ከዚያ በላይ ያመጣ 5 ያገኛል፣ ማለፊያው 50 ነው፣ የአንደኛ ማዕረግ መነሻው 4.40 ነው። እኛ ቤት የሚያስመሰግነው 3.60 እዚህ የሁለተኛው ማዕረግ የላይኛው እርከን መግቢያ ብቻ ነውና ውጤትሽን ስታዪ በአገር ቤቱ ሚዛን አትመዝኚው። የሰዓት ክልሉ ከአገር ቤት ጋር አንድ ነው። የክፍል መርሐ ግብር በእንግሊዝ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ሉጋንዳ ተናጋሪው ግን እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ «ሳዋ ቢሪ» ካለሽ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትይዢ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብለሽ ሳታረጋግጪ አትለያዪ።

ክፍል የምትከራዪው በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባሉት ሰፈሮች፣ በዋንደጌያ ወይም በኪኮኒ በኩል ከሆነ ቤቱን በቀንም በማታም እይው። የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር አለው? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ከቤተ መጻሕፍት ማታ የሚመለሱበት መንገድ ብርሃን አለው? ምግቡ አያስቸግርሽም፤ ቦሎቄ፣ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና የለውዝ ወጥ ጾምም ላይ ይበላሉ። እንጀራ ሲናፍቅሽ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ካባላጋላ የሚባል ሰፈር አለልሽ።

ወባን ግን አደራ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ። ደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቃትም፤ የካምፓላ ጓደኛሽ ቀለል አድርጎ የሚያልፋት ወባ አንቺን ክፉኛ ልትጥልሽ ትችላለች። በአጎበር ተኚ። ትኩሳት ከተሰማሽ ሳታድሪ ተመርመሪ፤ ከጣት ደም ተወስዶ ውጤቱ በደቂቃዎች ይታወቃል። ለአዋቂ በብዛት የሚታዘዘው አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን 24 ፍሬ ነው፦ መጀመሪያ 4፣ ከ8 ሰዓት በኋላ 4፣ ከዚያ ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ 4፣ 4። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ብዙ ሰው ትኩሳቱ ሲበርድለት በሁለተኛው ቀን ያቆማል፤ በሽታውም ያገረሽበታል። ለዕረፍት አገር ቤት ገብተሽ ቢያተኩስሽም ከኡጋንዳ መምጣትሽን ለሐኪሙ ቀድመሽ ንገሪው፤ ወባ ከተነደፉ ሳምንት አልፎም ትነሣለች።

አሁን ወደ በጎ ፈቃዱ። አዲስ ሥራ አትፍጠሪ፤ የተጀመረ ሥራ ውስጥ ግቢ። በየመንደሩ የሰፈሩ ሰው የመረጣቸው የጤና ቡድን አባላት አሉ፤ ቪኤችቲ ይሏቸዋል። ማን ቤት ሽንት ቤት እንደሌለ፣ የትኛው ልጅ ክትባት እንዳመለጠው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይዘሽ አስቀድመሽ የመንደሩን ሊቀ መንበር፣ ኤልሲ ዋን የሚሉትን፣ እይ፤ ቀጥሎ የምትሠሪበትን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ያለ ሊቀ መንበሩ የገባ እንግዳ፣ ደግ ሥራም ይዞ ቢሆን፣ ማንም አያምነውም። ደብዳቤው ላይ ምን እንደምትሠሪ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትመጪና መቼ እንደምትጨርሺ በግልጽ ይጻፍ።

ለጀማሪ የምመክረው ትምህርት ቤት ውስጥ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ፣ ቲፒ ታፕ፣ መሥራት ነው። የሚያስፈልገው ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ጫፋቸው መንታ የሆነ 2 ሜትር ያህል ሁለት ባላ፣ 1 ሜትር ያህል ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት፣ ገመድ፣ ሚስማር፣ ሳሙናና ጠጠር ነው። ባላዎቹ የሚተከሉባቸውን ሁለት ጉድጓዶች ከግማሽ ሜትር ትንሽ አለፍ አድርገሽ አራርቂያቸው፣ ጥልቀታቸው ግማሽ ሜትር ገደማ ይሁን። ሚስማሩን በእሳት አግለሽ ጀሪካኑን ከክዳኑ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ብሺው። አንዱን እንጨት በጀሪካኑ እጀታ አሳልፈሽ ባላዎቹ ላይ አጋድሚው። ሁለተኛው እንጨት መርገጫ ነው፤ ገመዱን ከጀሪካኑ አንገት ወደ እሱ እሰሪ፤ የመርገጫው አንድ ጫፍ መሬት ይንካ፣ ሌላው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ውሃ የሚሞላው እስከ ቀዳዳው ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሳይረገጥም ይፈሳል። ከሥሩ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 የሆነ ጉድጓድ ቆፍረሽ ጠጠር ሙዪበት፤ አለዚያ ጭቃ ይሆንና ልጆቹ ይሸሹታል።

የሚበላሽበትን ምክንያት ቀድመሽ እወቂ። ቀዳዳው ከሚስማሩ ከሰፋ ውሃው ለጥቂት ልጅ እንኳ አይበቃም። ሳሙናው ዝናብ ላይ ይሟሟል፤ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ አናት ክዳን አድርጊለት። የባላውን እግር ምስጥ ይበላዋል፤ ከመትከልሽ በፊት በእሳት ለብለቢው፣ ወይም ሙቱባ ከሚባለው ዛፍ ቁረጪ፣ እሱ ሲተከል ሥር ይሰዳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሚሞላው ሰው መጥፋቱ ነው። ጀሪካኑን ከመስቀልሽ በፊት የተራ ሰንጠረዥ ይውጣ፤ ሰኞ የትኛው ክፍል፣ ማክሰኞ የትኛው፣ ሳሙና የሚይዘው የትኛው መምህር። ይህ ካልተስማማ አትቆፍሪ።

የትምህርት ቤቶቹን ዓመትም ልብ በይ። ዓመቱ ሦስት ተርም ነው፤ በየካቲት አካባቢ ይጀምርና ኅዳር መጨረሻ ገደማ ያበቃል። አንቺ ነሐሴ ገብተሽ እስክትደላደዪ ጊዜው ይነጉዳል፤ ኅዳር ላይ የተከልሽው ረጅሙን ዕረፍት ያለ ተቆጣጣሪ ይቆማል። ሰንጠረዡንና ትውውቁን በመጀመሪያው ሴሚስተር ጨርሺ፣ ተከላውን ለየካቲት አድርጊው።

ሕፃናት ማሳደጊያ ለጥቂት ሳምንት ገብቶ ልጆችን ማጫወት ግን አልመክርሽም። ብዙዎቹ ወላጅ ወይም ዘመድ አላቸው፤ በየጊዜው የሚመጣና የሚሄድ ወዳጅ ልጅን ይጎዳል። ጤና ጣቢያም ብትገቢ ካርድ ማውጣት፣ ሕፃናት መመዘን፣ ተራ ማስያዝ በቂ ሥራ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ተማሪ መርፌ አይወጋም፣ ቢለምኑትም።

የትምህርት ክፍልሽንና የምትገቢበትን ቀን ጻፊልኝ። ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ከካምፓላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በረራሽ ማታ የሚያርፍ ከሆነ የሚቀበልሽን መኪና አስቀድሜ እይዛለሁ።

ናፋቂ እህትሽ
ከካምፓላ