ግራጫዋ ሳጥን፦ ለኦንላይን አገልግሎት ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የኦንላይን አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠራሁም። ችግሩ የእናንተ ብቻ ስላልሆነ አንዱን ነጥዬ ማሳጣት አልፈለግኩም።

ቸርችል ጎዳና አካባቢ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ዱካ። ድሮ ማመልከቻ እተይብ ነበር። አሁን ግማሹ ቀኔ የሚያልፈው የሰው ፎርም ስሞላ ነው። «ቤትዎ ሆነው ይጨርሱ» ያላችሁት አገልግሎት የሚያልቀው እኔ ቤት ነው። ለኔ ገበያ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ዝም ማለት ነበረብኝ።

ባለፈው አንዲት እናት መጡ። እማማ ነው የምላቸው። ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ሄዱ፤ ጉዳይ ሲኖራቸው ግን አሁንም እግራቸው ወደዚሁ ነው። ፎርማችሁን ከፈትኩላቸው። ክፍለ ከተማ የሚለው ሳጥን ውስጥ «አራዳ» ይላል፣ በግራጫ ጽሑፍ።

«ልጄ፣ እሱን አስተካክልልኝ» አሉ።

ክሊክ አደረግኩ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎኝ ገልብጬ አራገፍኩት። ለካ ሳጥኑ የሚነበብ እንጂ የሚሞላ አይደለም። መረጃው ከመዝገብ የመጣ ነው፣ እዚህ አይቀየርም። ይህን የሚናገር አንድ ቃል ግን ገጹ ላይ የለም።

ከሥሩ የስልክ ሳጥን አለ። እሱም ውስጥ በግራጫ የተጻፈ፣ በ09 የሚጀምር ቁጥር ተቀምጧል። እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና «ይሄ የማን ስልክ ነው? የኔ አይደለም» አሉ። የማንም አልነበረም። ምሳሌ ነው። እንግዲህ ያው ግራጫ ቀለም አንዱ ጋ «አትንካኝ» ይላል፣ ሌላው ጋ «እዚህ ሙላ» ይላል። እኔ ቀኑን ሙሉ ይህን የምሠራው ሰውዬ ከተምታታብኝ እሳቸው ምን ያድርጉ?

የልደት ቀኑ ደግሞ ባሰ። ሳጥኑ ውስጥ «በአውሮፓውያን አቆጣጠር» የሚል ማሳሰቢያ ነበረ አሉ። እኔ አላየሁትም፤ አንድ ቁጥር ስነካ ብን ብሎ ጠፋ። እማማ 1952 አሉኝ፣ 1952 ጻፍኩ። በአንድ ክሊክ ሰባት ዓመት አስረጀኋቸው። ማሳሰቢያ የሚያስፈልገን እየጻፍን ሳለ ነው፤ መጻፍ ስንጀምር የሚሮጥ ማሳሰቢያ ምን ይረባል? (ጳጉሜን የተወለደ ደንበኛም አለኝ። የወሩ ዝርዝር 12 ላይ ያበቃበታል። የእሱን ነገር ሌላ ጊዜ።)

የወንድሜ ልጅ ፕሮግራመር ነው። ገጹን አሳየሁትና ሳቀ። እንደነገረኝ ከሆነ ሳጥን የሚቆለፈው በሁለት መንገድ ነው። «ሪድኦንሊ» የሚባለው መጻፍ ይከለክላል፣ ውስጡ ያለው ግን ፎርሙ ሲላክ አብሮ ይሄዳል። «ዲስኤብልድ» የሚባለው ግን ውስጡ ያለውን ይዞ ይቀራል፤ አይላክም። ስክሪኑ ላይ በዓይናችን ያየነው ነገር እናንተ ጋ ባዶ ሆኖ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። «አልሞላችሁትም» እየተባልን ስንመለስ የከረምነው ለዚህ ይሆን? ደግሞ ሁለቱም መጋረጃ እንጂ ቁልፍ አይደሉም አለኝ። ትንሽ የገባው ልጅ ብሮውዘሩ ላይ ይገልጣቸዋል። ማጣራቱ ሰርቨራችሁ ላይ፣ ማለትም ፎርሙ የሚደርስበት የእናንተው ኮምፒውተር ላይ መሆን አለበት።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። የማይቀየረውን ነገር ሳጥን ውስጥ አታስገቡት። «ክፍለ ከተማ፦ አራዳ» ብላችሁ እንደ ተራ ጽሑፍ ጻፉት፤ ከሥሩም ለማስቀየር የት መሄድ እንዳለብን ንገሩን። የሚሞላውን ነጭ ሳጥን አድርጉት፣ ማሳሰቢያውን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ከሥሩ አስቀምጡት፣ እዚያው ይቆይ። ቀለሙም ይጥቆር። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ከ4.5 ለ1 ያላነሰ የድምቀት ልዩነት ይጠይቃል፤ የእናንተ ግራጫ ግን ከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ጭራሽ አይታይም። ማሳሰቢያው በኮዱም ከሳጥኑ ጋር ይታሰር። አንድ ዓይነ ስውር ጠበቃ ደንበኛ አለኝ፤ ፎርም የሚሞላው ስክሪኑን በሚያነብለት ሶፍትዌር ነው። ያልታሰረ ማሳሰቢያ ሳጥኑ ላይ ሲደርስ አይነበብለትም፣ እሱም እንደኛው ገምቶ ይሞላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። እማማ በመጨረሻ ቀጠሮ ወጣላቸው። ወረቀቱ «09፡00» ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። ከአቃቂ ድረስ በሁለት ታክሲ መጥተው ልክ ከቀኑ 9 ሰዓት በራችሁ ላይ ቆሙ። ቀጠሯቸው የጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ዘበኛው «አልፎብዎታል፣ እንደገና ያስሞሉ» አላቸው። ተመልሰው እኔ ጋ መጡ። ለሁለተኛው አላስከፈልኳቸውም።

ጊዜ ካለዎት ሰኞ ብቅ ይበሉ። ዱካዋን እለቅልዎታለሁ፣ አንድ ፎርም አብረን እንሞላለን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮፒ ቤቱ ሰውዬ