ለድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች፦ ክበሩልን

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጡረተኞችና ነባር ሠራተኞች፣ እንዲሁም የአዲሱ መስመር ባልደረቦች፤

እኛ ቤተሰቦቻችን «የባቡር ልክፍተኞች» የሚሉን ሰዎች ነን። ካሜራ ይዞ ሀዲድ ዳር የሚቆም ሰው ምን እንደሚፈልግ ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ዘበኛ ይጠረጥረዋል፣ መንገደኛ ይስቅበታል። እናንተ ግን ደብዳቤያችንን ተቀብላችሁ በሩን ከፈታችሁልን።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ አብራው እንደተወለደች ከመጻሕፍት እናውቃለን። በአሮጌው ጋራዥ ያየነው ግን በመጽሐፍ የለም። አንድ ጡረተኛ አባት የፉርጎውን የብረት መንኮራኩር በመዶሻ መታ አድርገው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። «ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት» አሉን። መዶሻውን በየተራ ተቀባበልነው። ለእኛ ሁሉም አንድ ዓይነት ጮኸ፤ እሳቸው ግን አንዱ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ በኖራም ምልክት አደረጉበት። ማንም ለማይነዳው ፉርጎ!

አዲሱ ባቡር ለምን በአሮጌው ሀዲድ እንደማይሄድ ልጆቻችን ሲጠይቁ፣ አሮጌው 1 ሜትር፣ አዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንዳለው በሜትር ለክታችሁ አሳያችኋቸው። «ልጁ ከአባቱ ወፈረ» ያሉትን ሰው እስካሁን እያነሣን እንስቃለን።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግነው ግን የከለከለንን ሰው ነው። በአዲሱ ጣቢያ አንዱ ወጣታችን ካሜራውን በረጅም ዘንግ ሰቅሎ ወደ ላይ ሲያነሣ፣ የባቡሩ ሠራተኛ ከሩቅ አይቶ እየሮጠ መጣና ዘንጉን አስወረደው። ከላይ ያለው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ ሳይነኩትም መቅረብ ብቻ ለመግደል ይበቃል። ቆጣ ብሎ ተናገረን፤ ደግ አደረገ። የነጂው ክፍል ውስጥ እንግባ ብንለውም እንቢ አለን። ይልቁንም ባቡሩ እስኪነሣ ከእኛ ጋር ቆሞ ስለ ፍሬኑም ስለ ሲግናሉም የጠየቅነውን ሁሉ መለሰልን። የወጣቱ እናት «እግዜር ውለታህን ይክፈልህ» ብላሃለች።

ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ሆጃ የተባለውን ትኩስ መጠጥ ያጠጣችሁን እናቶችም አልተረሳችሁም።

ፎቶግራፎቹን አሳትመን ለጋራዡ ልከናል። ከጀርባቸው የሞተሮቹን ዓይነትና የሠራተኞቹን የሥራ ድርሻ ጽፈናል፤ የተሳሳተ ካለ በእርሳስ አርማችሁ መልሱልን።

ከአክብሮት ጋር፤
የባቡር ወዳጆቹ፣ ከአዲስ አበባ