ከመመለስሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? የላክሻቸውን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ፀሐይ መትቶሻል፤ ፊትሽ ግን ፈክቷል። ነገ ሙዚየሙንም፣ ገበያውንም፣ ግንቡንም አዳርሼ ማታ አየር ማረፊያ እገባለሁ ያልሽው ነገር ግን አልተዋጠልኝም።

ተይ ልጄ። በመጨረሻው ቀን ሁሉንም ላዳርስ ያለ ሰው የሚተርፈው የታክሲ መስኮት ነው። እኔን ከሰማሽኝ አንድ የወደድሽውን ቦታ ምረጪና እንደገና ሂጂ። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ከተሽ ቁጭ በዪ። መጀመሪያ የሄድሽ ዕለት እኮ ፎቶ በማንሳት ተወጥረሽ ነበር። አሁን ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ ሱቁን የሚከፍቱት ሽማግሌ ቁልፉን ከየትኛው ኪሳቸው እንደሚያወጡ ታያለሽ። ሙዚየሙ የትም አይሄድም።

ሻንጣሽን ግን ዛሬ ማታ ጨርሺ። ጠዋት በጥድፊያ የተዘጋ ሻንጣ አንድ ነገር ማስቀረቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰካው ቻርጀር ነው። አልጋ ሥር እይ፤ አንሶላውንም ገለጥ አድርጊ። ፓስፖርትሽ የሆቴሉ ካዝና ውስጥ ከሆነ፣ ነገ የምታደርጊውን ጫማ አንዱን እግር አብረሽ ቆልፊበት። በአንድ እግር ጫማ ከሆቴል የሚወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሽቶና ቅባት ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ዋናው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። በብዙ አየር ማረፊያዎች ፍተሻው ላይ የሚያዩት የጠርሙሱን መጠን ነው፤ ውስጡ ግማሽ ነው ብትያቸው አይሰሙሽም። ፓወር ባንክ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከእጅሽ አይራቅ። ሊትየም ባትሪ እሳት ቢያስነሳ አጠገብሽ ሲሆን ቶሎ ይደረስበታል። ታች ዕቃ መጫኛው ውስጥ ማን ያየዋል?

ሻንጣ ስታስረክቢ የሚሰጡሽን ቁራጭ ወረቀት እንዳትጥዪ። ፎቶም አንሺው። ሻንጣው ካልመጣ ከአዳራሹ ሳትወጪ አመልክቺ። "እንደውልልሻለን" ቢሉሽ ፈገግ በዪና ቁጥር ያለው ወረቀት እስኪሰጡሽ እዚያው ቁሚ። ተሰብሮ ቢመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት፣ ማለትም የአየር መንገዶችን ኃላፊነት የሚወስነው ዓለም አቀፍ ውል፣ በጽሑፍ ለማመልከት 7 ቀን ይሰጥሻል። ዘግይቶ ከደረሰ ደግሞ ከተረከብሽበት ጀምሮ 21 ቀን አለሽ። ይህን ስል እያሟረትኩ አይደለም!

አውሮፕላኑ ውስጥ ውኃ ጠጪ። የአየሩ እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሚወርድ ጉሮሮሽ ይደርቃል። አልፎ አልፎ ተነሺና እግርሽን አፍታቺ። ለማረፍ ዝቅ ሲል ጆሮሽ ከተደፈነ ምራቅሽን ዋጪ ወይም ማስቲካ አኝኪ። በዚያ ሰዓት ተኝተሽ ከሆነ ነው ጆሮ የሚያስቸግረው።

የመልስ መንገድ ያጥራል ይባላል፤ ላንቺ እውነትም ሊያጥር ይችላል። ወደ ምሥራቅ ነው የምትበሪው፤ ከላይ ከምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ አውሮፕላኑን ይገፋዋል። እንቅልፍሽን ግን ያስከፍልሻል። የብዙ ሰው የሰውነት ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም አምሽቶ መቆየት ይቀለዋል፤ ቀድሞ መተኛት ግን ይከብደዋል። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀድሞ መተኛት ነው ያለበት። ስለዚህ በደረስሽ ማግስት ሥራ እገባለሁ እንዳትዪ። አለቃሽ አንድ ቀን ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

በይ አሁን ስልኩን አስቀምጪና ሻንጣውን አውጪ። ተዘግቶ ሲያልቅ ፎቶ ላኪልኝ፤ ዚፑ በጉልበት ተጎትቶ ከሆነ ከፎቶው አውቃለሁ። ለእኔ የገዛሽው ነገር ካለ እሱ ነው የሚቀነሰው፤ ጃኬትሽን እንዳትተዪ፣ ስትደርሺ ይበርድሻል። መውጫው ላይ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ