የሥራ ዕድል የተፈጠረላትን ልጅም ጠይቋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። 34 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጓሮዬ ያሉትን ሦስት ክፍሎች ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አከራያለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው ሲጣደፉ የግቢው ብረት በር ይቀሰቅሰኛል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ይህን ደብዳቤም በዚያው ሰዓት ነው የጀመርኩት።

በ2012 ዓ.ም. በአንዷ ክፍል አራት ልጆች በሁለት ፍራሽ ይኖሩ ነበር። ኪራዩ 1,200 ብር ስለነበር ለእያንዳንዳቸው 300 ይደርሳቸዋል። ከቦዲቲ የመጣችው ልጅ መነሻ ደመወዟ 1,000 ብር አይሞላም። ትርፍ ሰዓት ካልሠራች ለቤተሰብ የምትልከው አይተርፋትም። አንድ ምሽት እየሮጠች መጣች፤ «ቲቸር፣ ቴሌቪዥኑን ይክፈቱልን፣ ዛሬ ቀርጸውናል!» ሁላችንም የ2 ሰዓቱን ዜና ቁጭ ብለን ጠበቅን። እንግዶች በማሽኖቹ መካከል አለፉ፣ ኃላፊው ተናገሩ፣ ሥራ አስኪያጁ ተናገሩ፣ ጋዜጠኛው ለስንት ሺህ ወጣት የሥራ ዕድል እንደተፈጠረ ነገረን። የእርሷ እጆች ጨርቅ ሲገፉ ለአፍታ ታዩ። «ቲቸር፣ እጄን አዩት?» አለችኝ። እኔም አብሬያት ተደሰትኩ። ያንገበገበኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ ሁሉ ሴት አንዷን እንኳ «ስንት ይከፈልሻል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ታኅሣሥ 2014 ላይ አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርታችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት ከነበረው የንግድ ዕድል፣ ስትሰረዝ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ስለ ዲፕሎማሲ ያወራ ነበር። በእኔ ግቢ ግን መጀመሪያ ትርፍ ሰዓት ቀረ። ቀጥሎ ከአንዱ ፋብሪካ ልጆች «ለጊዜው እረፉ፣ እንጠራችኋለን» ተብለው መጡ። የቦዲቲዋም አንዷ ነበረች። ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ፍራሿን አደራ ሰጥታኝ ሄደች፤ እስካሁን አልጠሯትም፣ ፍራሹም ዕቃ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ «የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚል ዜና አንብቤያለሁ። የገባችው ትደመራለች፣ የወጣችው ግን አትቀነስም። በአንዲት ወንበር በዓመት ሦስት ልጅ ቢፈራረቅባት ሦስት የሥራ ዕድል ተብላ ልትቆጠር ነው? ተማሪዬ እንዲህ ያለ ሒሳብ ሠርቶ ቢያመጣልኝ ደብተሩን መልሼ እሰጠው ነበር።

ፓርኩ ባይኖር ይሻላል እያልኩ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተማችን እንዴት እንደተደሰተች አስታውሳለሁ። ከተከራዮቼ አንዷ ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ አልብሳለች፣ ሌላዋ ማታ ማታ አካውንቲንግ ተምራ ተመርቃለች። ኑሮውን ያከበዱት ፋብሪካዎቹ ብቻም አይደሉም፤ እኔም ኪራይ ጨምሬያለሁ፣ ይህንንም ጻፉት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ለወለደች ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዟ ይፈቅድላታል። እነዚህ ሁለት አንቀጾች ብቻ ለአንድ ጋዜጠኛ የወር ሥራ ይሆናሉ። ቦርዱ የት ደረሰ? ወልዳ ወደ ማሽኗ የተመለሰች ስንት ናት? ግን ጋዜጠኛው ከእንግዶቹ ጋር መጥቶ ከእንግዶቹ ጋር ይመለሳል፤ ማን ይጠይቅ?

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሥራ ዕድል ቁጥር ስታትሙ የደመወዙን መጠን አብራችሁ አትሙ። ካለፈው ዓመት ቅጥር ዛሬም ሥራ ላይ ያለው ስንቱ እንደሆነ ጠይቁ፤ መልስ ካልሰጧችሁም «አልነገሩንም» ብላችሁ ጻፉ። ልጆቹ ስማቸው እንዳይወጣ ይፈራሉ፤ ያንን ጠብቁላቸው። ጋዜጠኛ የምትልኩ ከሆነ እሁድ ጠዋት ይምጣ፤ ልብስ የሚያጥቡበት ቀን ስለሆነ ሁሉም ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። ቡና እኔ አፈላለሁ።

ጡረተኛ መምህርት
ከሐዋሳ