ለአትክልት ቦታችን ድልድይ 40 ጣውላ እንፈልጋለን

ሰላም ጎረቤቶቼ፣

የጋራ አትክልት ቦታችንን ለሁለት የሚከፍለውን ቦይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደረቅ ሲሆን ጎበዝ ተንደርድሮ ይዘለዋል። ዝናብ ሲጥል ግን ግራና ቀኙ ጭቃ ይሆናል፣ ውሃው ይሞላል፣ የማዶው መደብ ማዶ ይቀራል።

አሁን የምንሻገረው በአንድ ግንድ ነው። ግንዱ ደግሞ አርጅቷል። ከሥሩ አውራ ጣቴን ብጫነው እንደ ረጠበ ዳቦ ገባ።

ባለፈው ሰሞን ማዶ መደብ ያላቸው አንዲት ትልቅ እናት ውሃ ማጠጫቸውን ይዘው ግንዱ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ባልዲውን አስቀመጡ። በጫማቸው ጫፍ ግንዱን ነካ ነካ አደረጉት። ትንሽ ቆዩና ባልዲውን አንስተው ተመለሱ። ላሻግርዎት ብላቸው «ተወው ልጄ፣ የማዶው ይቅርብኝ» አሉኝ። ችግኞቹን የተከሉት በገዛ እጃቸው ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ግንዱን ባየሁት ቁጥር ይከነክነኛል። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

የምንሠራው ትንሽ የእንጨት ድልድይ ነው። የቦዩ አፍ 3 ሜትር ይሰፋል። አፋፉ ላይ ያለው አፈር ልል ስለሆነ ድልድዩ የሚያርፍበትን መቀመጫ በየበኩሉ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ እናርቀዋለን። ስለዚህ ወራጆቹ፣ ማለትም ጣውላውን ከሥር የሚሸከሙት ረጃጅም እንጨቶች፣ 4 ሜትር በአየር ላይ ይሄዳሉ። ጫፎቻቸው መቀመጫው ላይ ሲያርፉ ሙሉ ርዝመታቸው 5 ሜትር ይሆናል። ስፋቱን 1.2 ሜትር አድርገነዋል። የእጅ ጋሪም ሆነ ዊልቸር ሳይጨናነቅ ያልፋል።

ወራጆቹ 3 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 7.5 በ22.5 ሳንቲ ሜትር። የሚቀመጡት በጠባብ ጎናቸው ቆመው ነው። እንጨት ተኝቶና ቆሞ አንድ አይደለም። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው ክብደት 4 እጥፍ፣ ላለመርገብ ያለው አቅም ደግሞ 8 እጥፍ ያድጋል። ሰው ለሚጨናነቅበት የእግረኛ ድልድይ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ገደማ ይታሰባል። በአየር ላይ ለሚሄደው የእኛ 4 ሜትር 2,400 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ለምን ትሉ ይሆናል። ልጆች ሁሉም ባንዴ ሊወጡበት እንደሚችሉ አስቡት። ከመካከላችሁ መሐንዲስ ወይም የበሰለ አናጺ ካለ፣ ስሌቱን ቁጭ ብሎ ቢያይልን ትልቅ እርዳታ ነው።

አሁን ደግሞ የማይታየውን ነገር ልንገራችሁ፤ ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እንጨት ዝም ብሎ አይበሰብስም። የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበት ይፈልጋል። እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ ሥራ አይሠራም። የድሮው ግንድ የሞተው መሬት ላይ ተኝቶ ስለነበረ ነው። አዲሱ አፈር አይነካም። በሁለቱም በኩል ጠንካራ መሬት እስኪገኝ እንቆፍራለን፣ በድንጋይና በሲሚንቶ መቀመጫ እንሠራለን፣ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ እናደርገዋለን። በወራጁና በሲሚንቶው መካከል ላስቲክ ይገባል። ሲሚንቶም ውሃ ስቦ ለእንጨቱ ያቀብላልና።

የወራጆቹን ጫፍ ደግሞ ደጋግመን እንቀባለን። እንጨት ከጎኑ ይልቅ በጫፉ ነው ውሃ የሚጠጣው።

የሚረገጠው ጣውላ ርዝመቱ 1.2 ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። በየመካከሉ ውሃ የሚወርድበት 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲተው ለ5 ሜትር 40 ጣውላ ይበቃል። አንድ ቤት አንድ ጣውላ ቢሰጥ ነገሩ አለቀ። የመጀመሪያው መጥቷል። ያመጡት እኚያ እናት ናቸው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው። ስለዚህ 39 ቀርቶናል።

ቤት የተረፈ ጣውላ ካላችሁ በደስታ እንቀበላለን። ከማምጣታችሁ በፊት ግን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ዘልቆ ከገባ ወይም ዱቄት ከወጣው ይቅር፣ ሰው የሚረግጠው ነገር ነውና ቅር እንዳትሰኙ። ለወራጆቹ ግን የተረፈ እንጨት አንጠቀምም። እነሱን አዲስ እንገዛለን።

እያንዳንዱ ጣውላ በ3ቱም ወራጆች ላይ በሁለት በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ በጠቅላላው 240 ብሎን። ሚስማር ይረክሳል፣ አውቃለሁ። ግን እንጨቱ በዝናብ ሲያብጥ፣ በፀሐይ ሲኮማተር ሚስማሩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ የልጅ እግር ያገኘዋል። ብሎኑም የማይዝግ ወይም ዚንክ የተነከረ መሆን አለበት።

ቀለም ይቀባ ያላችሁን ሰምቻለሁ፤ ያምራል። ቀለም ሲሰነጠቅ ግን ውሃ ይገባና መውጫ ያጣል። እኔ የተልባ ዘይት እመርጣለሁ፣ በየዓመቱ እንደገና ይቀባል። (ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንዳታስቀምጡ። እየሞቀ ሄዶ ራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።) ላዩ ላይ ወንፊት ሽቦ እንመታበታለን፣ እርጥብ ጣውላ ያንሸራትታል። በሁለቱም ጎን የእጅ መደገፊያ ይኖረዋል።

በገንዘብ የምትረዱን፣ ያላችሁን ያህል ይበቃል። መጀመሪያ የሚገዛው ሲሚንቶና ወራጆቹ ናቸው፣ ቀጥሎ ብሎኖቹ፣ ከዚያ የመደገፊያው እንጨት። ደረሰኞቹን በሙሉ አትክልት ቦታው በር ላይ እንለጥፋለን። የሚተርፍ ካለ ለሚቀጥለው ዓመት ዘይት ይቀመጣል።

ገንዘብም ጣውላም ለሌለው ጉልበት አለ። አካፋ፣ ዶማ፣ መሰርሰሪያ ያላችሁ አውሱን። ጣውላው ጫፉ ላይ እንዳይሰነጠቅ ቀድሞ መበሳት አለበት። 240 ቀዳዳ ለአንድ ሰው ብዙ ነው፣ ለአሥር ሰው ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

ቁፋሮው በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ይጀመራል። ሲሚንቶው ከተሞላ በኋላ ሳንነካው ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እያጠጣን እናቆየዋለን። ወራጆቹን የምናነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ 50 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለእያንዳንዱ 4 ሰው ያስፈልጋል። ለማንሳት የምትመጡ ጓንት ያዙ፣ ነጠላ ጫማ አታድርጉ። ጣውላ የምታመጡ ደግሞ መሣሪያ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡልን፣ በየመካከሉ አየር እንዲገባ አድርጋችሁ።