ሰባተኛውን ብቻዬን አልከፍተውም

እህት ዓለሜ ዘይነብ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ዝምታው ረዘመ፤ ይቅር በይኝ። የእኔን ምክንያት ብደረድር አንቺም የራስሽን ትደረድሪያለሽ፤ ወረቀቱ ያልቅብናል። እናቴ ደህና ናት። የጦሳ ተራራ ጉምም እንደምታውቂው ነው። የጻፍኩልሽ ግን በሌላ ጉዳይ ነው፦ ያንን የእንግሊዞች የጠፈር ኮሜዲ ድራማ፣ ሬድ ድዋርፍን፣ እንደገና እያየሁ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1988 ቢቢሲ ካሳየው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሬ። ሙጋድ ሰፈር፣ ከወንድምሽ ሱቅ ጓዳ ስናየው አንቺ ለሪመር ጠበቃ ነበርሽ። እኔ ስሰድበው «ሙት ወቃሽ አያድርግሽ» ትይኝ ነበር፤ እውነትም ሞቶ በብርሃን ምስል (ሆሎግራም) የተመለሰ ሰው ነዋ! ደስ ይበልሽ፣ ዛሬ ለእርሱ የማዝነው እኔ ሆኛለሁ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሪመርና የመርከብ ጓደኛው ሊስተር በበረዶው ፕላኔት ብቻቸውን የሚቀሩበት ክፍል አለ አይደል? ብርድ እንዳይገድለው ሊስተር መጽሐፉንም ገንዘቡንም ያነድዳል። ጊታሩን ያቃጠለ አስመስሎ ከሪመር ሣጥን ላይ በጊታር ቅርጽ የቆረጠውን እንጨት ይማግዳል። ሪመር ይህን ሳያውቅ ልቡ ይነካል፤ የሚሳሳላቸውን ትንንሽ ወታደሮቹን ለእሳቱ ይሰጣል። ሣጥኑን የሰጠው እኮ አባቱ ነበር፣ ዘይነብ! ያኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አሁን መሐል ላይ አቁሜ አለቀስኩ። እናቴ «ምን ሆንሽ?» ብላ መጣች፤ ምን ብዬ ላስረዳት?

ደግሞ የመርከቧ ኮምፒውተር ሆሊ፣ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት እንቅልፍ የነቃው ሊስተር ብቻውን እንዳያብድ ከሟች ባልደረቦቹ መካከል ሪመርን የመረጠበት ምክንያት አለ፦ ከማንም በላይ ብዙ ቃል የተለዋወጡት እነርሱ ስለነበሩ ነው፤ 14 ሚሊዮን ቃል። አብዛኛው ጭቅጭቅ ቢሆንም ተቆጠረላቸው። ይህን ስሰማ አንቺ ፊቴ ላይ ድቅን አልሽ። የሰርግሽ ዕለት... እርሱስ በአካል ይሻላል፤ አሁን አልጽፈውም።

ትናንት ማታ ስድስተኛው ምዕራፍ አለቀ። ያ ፈሪ ሪመር ጓደኞቹ ሲረግፉ ብቻውን ተነሥቶ ሲሮጥ፣ መንኮራኩሯ ስትፈነዳ፣ ከዚያ «ይቀጥላል» የሚለው ጽሑፍ! እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ጠበቁ። እኛ የወንድምሽ ዲስክ እዚያ ላይ ስላበቃ እስከ ዛሬ ቆመናል። አሁን ግን ሰባተኛው፣ ስምንቱም ክፍል፣ እጄ ላይ ነው።

እና ፈራሁ። ከሁለቱ ደራሲዎች ሮብ ግራንት ከስድስተኛው በኋላ ተለይቶ ሥራውን የቀጠለው ደግ ኔይለር ነው። ሪመርም ገና በሁለተኛው ክፍል ተሰናብቶ ይሄዳል። ታዲያ ሊስተር ከማን ጋር ሊጣላ ነው? አብረው ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ሲለያዩ ሳቁ ላይ ይታወቅ ይሆን? ምናልባት ጥሩ ይሆናል። ምናልባትም... ብቻ አንቺ አጠገቤ ሳትኖሪ ማወቅ አልፈልግም። ልከፍተው እጄን ሰደድኩና መለስኩት።

ስለዚህ ነይ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ሊስተር እንቅልፍ ሦስት ሚሊዮን ዓመት አይፈጅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብትመጪ ሌሊቱ የእኛ ነው። የቆላው ሙቀት አስለምዶሻልና ጋቢ አትርሺ። ባልሽንም ይዘሽው ነይ፤ ነገር ግን ስድስቱን ምዕራፍ ካላየ ከእናቴ ጋር ሳሎን ቡና ይጠጣል እንጂ እኛ ጋ አይገባም። ቀኑን ቁረጪና ደውይልኝ፤ ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ያንቺው ሐያት